ነጥብ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ መዝገብ ቤት፣
የልጅ ስም እየጻፍኩ ከአባቱ ስም ፊት።
ሂርማታ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
ስም እጠይቃለሁ በጩኸት፣ በቱማታ።
«የማን ልጅ ነህ?» ስለው አንገቱን ሲደፋ፣
ይገባኛል ወዲያው፤ አባቱ ከከፋ
ከሰል ተሸክሞ አዌቱን ሲሻገር
አይቼዋለሁና፣ ማንም ሳይናገር።

ያኔ ከስሙ ጎን፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ትንሽ ነጥብ ጣልኩኝ። ያዘዘኝ ሰው የለም።
የቀደመኝ ጸሐፊም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤
ልማድ ነው የሚባል፣ እንደ ማኅተም፣ እንደ ቁጥር።
የሌላው ልጅ ነጥብ ሰርተፍኬቱ ላይ ነው፤
የነሱ ነጥብ ግን፣ ስማቸው ጎን ያለው፣
ከመቶ አይታሰብ፣ በጥናት አይጨምር፣
ልጁ ክፍል ሲያልፍ አብሮት የሚዘዋወር።

መምህርት ኬሪያ ከአጋሮ ተዛውራ፣
በመስከረም ጭቃ፣ ጃንጥላዋ ሰባራ፣
አራተኛ ‹ለ› ገባች። አየች አንድ ልጅ
ጡብ ላይ የተቀመጠ፣ ከኋላ፣ ከደጅ
በሚገባው ብርሃን። «ወንበር ሞልቶ?» ብትል፣
«ማን ከሱ ጋር ይቀመጥ!» አለ ክፍሉ ባንድ ቃል።
አዳሎ ጡቡን አየ።
ስብከት ጠብቄ ነበር፣ ካልሆነም ዱላ፤
የስኳር ጣሳ ይዛ መጣች፣ ዕጣ ሞልታ። ሌላ
ምንም አላለችም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት
የቡና ነጋዴው ልጅ፣ ጉንጩን በኩራት
ነፍቶ፣ ይደርሰዋል የሸክላ ሠሪ ሴት
ልጅ ጎኑ። አለቀሰ። ሄዶ ነገረ ቤት።

ቧንቧው ጋ ነጭ ኩባያ ታስሯል በገመድ፤
ለነሱ ግን ቆርቆሮ፣ ዝገቱ እንደ ዓመድ
የሚረግፍ። ከዚያ ጠጣች፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ፣
ሁላችን እያየን፣ ዳይሬክተሩም ሲያይ።

ወላጅ አደመባት፤ ሠላሳ ፈረሙ።
ቦቾ ቦሬ ጣሏት። ሰዎችም ከረሙ
በሰላም። አዳሎ ግን ስድስትን ሳይጨርስ
ጠፋ። ዛሬ መናኸሪያ ነው፣ ጆንያ ሲያመላልስ።

በአምስተኛ ዓመቷ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆና፣
ተመለሰች ኬሪያ። እኔ ጋ መጣችና፣
«ከአራተኛ ክፍል ስንቱ ልጅ ያቋርጣል?
ቁጠርልኝ» አለች። መቁጠር ማንን ይጎዳል?
ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ ሠላሳ፤
ከየስሙ ጎን ነጥብ፣ የቀለም ጠባሳ።
«ምንድን ነው?» አላለች። ጣቷን አሳረፈች፤
ከኪሷ ላጲስ አውጥታ፣ አስቀምጣ ሄደች።

ማታውን ፈቀፈቅኩ። የብዕር ቀለም ግን
ላጲስ አይሰማም፤ ወረቀቱን አሳሳሁት፣ እስኪሆን
ቀዳዳ። አምፖሉ ጋ ገጹን ብይዘው፣
ከየስሙ አጠገብ ብርሃን አፈሰሰው፣
እኔን ለመክሰስ እንጂ ለውበት አልነበር።
መዝገቡ አለ ዛሬም፣ ከሳጥኔ ሥር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ወሬ አይሆንም፤
ስብሰባ ነው፤ ‹ይታያል›፣ ‹በጀት የለንም›።
ጅሬን ሽቅብ ወጥታ፣ ጊንጆ ቁልቁል ወርዳ፣
ያቋረጠ ልጅ ቤት፣ ያልተጠራች እንግዳ፣
በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፤ አባት ሲያመነታ፣
«ከሰሉን ማን ይሽጥ?» እናት ተቆጥታ፤
እሷም «ቅዳሜ ይሽጥ፣ እኔ እገዛዋለሁ»።
ኩሽናዋ በከሰል ሞልቶ አይቻለሁ።
ካሥር ሁለት መለሰች። ትንሽ ነው ካላችሁ፣
አንዷ ሆስፒታል ናት፣ መርፌ የምትወጋችሁ።

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣች። የግድግዳ ሰዓት
ሰጠናት፤ ያኔ የፈረሙባትም አጨበጨቡላት።
እሷ ግን ስትነሣ፣ «ቧንቧው ጋ ያለው
ኩባያ ስንት ነው?» አለች። መልስ ያልነበረው
ዳይሬክተር ሳቀ።

መስከረም ላይ ደግሞ ጀርባው የጎበጠ
ሰው፣ ሴት ልጁን ይዞ፣ መስኮቴ ጋ ብቅ አለ፣ ላቡን እየጠረገ።
«ስምሽ?»
«ምሥራቅ አዳሎ።»
የማን ልጅ ነሽ አላልኩም።
ስሟን ጨርሼ እንኳ እጄ አልተነሣም፤
ከስሟ ጎን ቆመ፤ እሱ ልማድ አይረሳም።
እስክሪብቶዬን ከደንኩ። ቀጣዩን ጠራሁ።
ዝናቡ ጀመረ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።